ገመዱን ያልለቀቀ እጅ

ማሬ ገዳሪፍ የገባችው ወንድሟን ተከትላ ነው። ታምሬ በየክረምቱ ከቋራ ቆላ ለሰሊጥ አረም ወደ ሱዳን እየወረደ፣ አዝመራው ሲያልቅ ቤቱ የሚመለስ ጉልበተኛ ጎልማሳ ነበር። እናታቸው ስትሞት ግን የሚመለስበት ቤት ጠፋ። ታናሽ እህቱን ይዞ ወረደና እማማ አሰፋች ከሚባሉ ያገር ሴት ግቢ አስጠጋት፤ እሱ ወደ እርሻው ሄደ።

እማማ አሰፋች በእህል ገበያው ጆንያ ሰፊ ነበሩ። ሰሊጡ ተነፍቶ፣ ተመዝኖ፣ ጆንያ ከሞላ በኋላ ሎሪ ላይ ከመውጣቱ በፊት አፉን የሚሰፉት ሴቶች ናቸው። ማሬን በመጣች ሰሞን ይዘዋት ሄዱና ትልቁን የጆንያ መርፌ እጇ ላይ አኖሩላት። “በይ፣ አፉን እንዲህ ታጥፊዋለሽ፣ እንዲህ ትስቢዋለሽ፣ ጆሮውን ታስሪዋለሽ” አሏት። ማሬ አጠፈች፣ ሳበች፣ አሰረች። በዚያው ቀረች።

ታምሬ አፉ ክፉ፣ ልቡ ደግ ነበር። ከእርሻ ሲመጣ ገና ከበር ላይ “ምነው ይኼ ቤት የሞተ አይጥ ይሸታል!” ብሎ ይጀምርና፣ እየተሳደበ ጣሪያውን ጠግኖ፣ እየተሳደበ ውሃውን ቀድቶ፣ እየተሳደበ የያዘውን ሁሉ ለእህቱ አራግፎላት ይሄዳል። ማሬ ስድቡን ስትሰማ ነበር አገር ቤት ያለች የሚመስላት።

አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ታምሬ አልመጣም። የመጣው ጓደኛው አየነው ነው። የቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ልብሱ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። እማማ አሰፋች ገና ሲያዩት ደረታቸውን ያዙ። አየነው መሬት ላይ፣ ማሬ እግር ስር ተቀመጠና ተናገረ። ከባሱንዳ ወዲያ ያሉበትን እርሻ ሽፍቶች ወረሩት፤ ሠራተኛው ሸሽቶ ራሃድ ወንዝ ላይ ደረሰ፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ እሱና ታምሬ ዋና የማይችለውን ሰው በገመድ ሲያሻግሩ ታምሬን ውሃው ወሰደው።

“እኔ ገመዱን አልለቀቅሁም” አለ አየነው፣ እጁን እያሳያት። “የእሱ እጅ ነው የሟለጨው። ሲሄድ ዞሮ አየኝና ‘ማሬን አደራ’ አለኝ።”

ማሬ አላለቀሰችም። እማማ አሰፋች ጮኹ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ሬሳ የሌለው ልቅሶ ተለቀሰ። እሷ ከመሃል ተቀምጣ የሰዉን አፍ ስታይ ዋለች። ጥርስ ሲነቀል የሚወጉት መርፌ አለ፤ ድድን አደንዝዞ፣ ከንፈር ያንተ ይሁን የሰው የማታውቅበት። ማሬን የያዛት እንደዚያ ያለ ነገር ነው። ዛሬ ይለቀኛል፣ ነገ ይለቀኛል ስትል ተዝካሩ ወጣ። እሷም ወደ ጆንያዋ ተመለሰች።

አየነው ግን አልጠፋም። ማሽላ ሲገኝ ማሽላ ይዞ ይመጣል፤ የግቢው አጥር ሲወድቅ ያቆማል። ዓመት ሲሞላ ሽማግሌ ላከ። ማሬ አልወደደችውም፣ አልጠላችውም። እማማ አሰፋች “አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ” አሏት። የሙት ወንድሟ ቃል ነውና እሺ አለች። ሄለን ተወለደች።

እውነቱን ለመናገር አየነው ክፉ ባል አልነበረም። አይጠጣም፣ እጁን አያነሳም። እርሻውን ትቶ ከተማ ገባና ረክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ የሚባለውን፣ መንዳት ጀመረ፤ አረብኛው እንደ ውሃ ይፈስ ነበርና ፖሊስ ያገሩን ልጅ ሲይዝ የሚጠራው እሱ ሆነ። የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ያስፈታል፣ ሬሳ ከሆስፒታል ያወጣል፣ ያጣ ሰው ሲሞት መቃብር ያስቆፍራል። ሰው ወደደው። በልቅሶም በሠርግም የወንዙ ታሪክ ይነሳና “እስቲ አንተው ንገረን” ይባላል። አየነውም ይናገራል። መጀመሪያ “እኔና ታምሬ” እያለ ነበር። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ “እኔ” ብቻ እየቀረ መጣ። ማሬ ይኼን አስተውላለች፤ ሰው ያወራው ወሬ በአፍ ሲመላለስ እንደ ሳሙና ይሟሟል ብላ ተወችው።

ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ከመፈንዳቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀመንበር ምርጫ የመጣው። የድሮው ሊቀመንበር ታሞ ወደ አገር ቤት ገባና ቦታው ተከፈተ። መለዋወጫ ነጋዴው አቶ መንግስቱ ተወዳደረ። ወጣቶቹ ደግሞ አየነውን አወጡት። የቅስቀሳውን ሥራ የያዘው ሶፎኒያስ ነበር፤ እዚያው ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ ካርቱም ተምሮ የመጣ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአረብኛ የሚያወራ ቀልጣፋ ልጅ።

“ጋሽ አየነው፣ አንተ ኸላስ፣ በቃ፣ አሸንፈሃል” አለው ቤታቸው መጥቶ። “መንግስቱ ሱቅ ነው ያለው። አንተ ታሪክ አለህ።”

አየነው ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ፣ ጠባሳው እንዲታይ፣ ፎቶ አነሱት። ከመዳፉ ስር “ገመዱን ያልለቀቀ እጅ” ተብሎ ተጻፈ። ወረቀቱ በየምግብ ቤቱ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየረክሻው ጀርባ ተለጠፈ። የድምፅ ማጉያ የታሰረባት ረክሻ የኢትዮጵያውያኑን ሰፈር እየዞረች “ያልለቀቀ እጅ! ያልለቀቀ እጅ!” ስትል ትውላለች። ሶፎኒያስ አየነውን ታሪኩን በቪዲዮ አስነግሮት በየስልኩ በተነው። ከባሱንዳ፣ ከከሰላ፣ ከየካምፑ ሰው እየደወለ አለቀሰ።

ማሬ ቪዲዮውን ያየችው በሄለን ስልክ ነው። አየነው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ውሃው ውስጥ የገባው እሱ ነው፤ እየተመላለሰ ያሻገረው እሱ ነው። ታምሬ “አንድ ወዳጃችን” ሆኗል። ስሙ አልተጠራም።

“እማ፣ ያባባ ቪዲዮ ስንት ሰው እንዳየው ታውቂያለሽ?” አለቻት ሄለን።

“አየሁት” አለች ማሬ፣ ስልኩን እየመለሰችላት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ማሬ ገበያ ውስጥ ጆንያ እየሰፋች ሳለ፣ ጀለቢያ የለበሰ፣ ግራ እግሩን የሚጎትት ሰው በከዘራ እየተደገፈ መጣ። ሱዳናዊ የሰሊጥ ባለቤት መስሏት ቀና አላለችም።

“የታምሬ እህት ማሬ የምትባዪው አንቺ ነሽ?” አላት በጎንደር አማርኛ።

“ነኝ። ማን ልበል?”

“ዘመኑ እባላለሁ። ከሀዋታ ነው የመጣሁት።” ቆሞ ትንሽ ተነፈሰ። “ታምሬ መጨረሻ ላይ ያሻግረው የነበረው ሰው እኔ ነኝ።”

አጠገቧ የነበሩት እማማ አሰፋች መርፌያቸውን አስቀመጡ። ማሬ አላስቀመጠችም። “ተቀመጥ” አለችው፣ የተሰፋ ጆንያ በእጇ እያመለከተች። እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አመቻቸና ተቀመጠ።

ዘመኑ የነገራት እንዲህ ነው። ዋና የሚችለው ታምሬ ብቻ ነበር። መጀመሪያ አየነውን አሻገረው፤ አየነው ጉልበት ስላለው ከማዶ ሆኖ የገመዱን ጫፍ እንዲይዝ። ታምሬ ሌላውን ጫፍ ወገቡ ላይ አስሮ ይመላለስ ጀመር። የተሻገረው ሁሉ ወደ ማሽላው ውስጥ እየሮጠ ገባ፤ ማንም ቆሞ ያየ የለም። ዘመኑ የመጨረሻው ነበር። ወንዙ መሃል ሳሉ ሽፍቶቹ ደረሱና ተኮሱ።

“ቀና ብዬ አየሁ” አለ ዘመኑ። “አየነው ገመዱን ጥሎ ሲሮጥ ጀርባውን አየሁት። ከዚያ ገመዱ ላላ። ውሃው ከግንድ ጋር አጋጨኝ፤ እግሬ የዚያን ጊዜ ነው። ታች ሱዳኖች አወጡኝ፣ ሀዋታ ወሰዱኝ። ታምሬን ከዚያ በኋላ አላየሁትም።”

ማሬ የጆንያውን ጆሮ አሰረች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ሌላ ጆንያ ሳበች።

“እስከ ዛሬ የት ነበርክ?” አሉ እማማ አሰፋች።

“ምን ላድርግ እናቴ? ማን ምን እንዳወራ መች ሰማሁ? ሀዋታ አግብቼ፣ እርሻዬን ይዤ ነው ያለሁት። አማቼ በስልክ ቪዲዮውን አሳየኝ። ባልሽ መሆኑን ደግሞ” ብሎ ወደ ማሬ ዞረ፤ “እዚህ ስደርስ ነው የሰማሁት።”

“ብታውቅ አትመጣም ነበር?” አለችው።

“እንጃ።”

ጥቂት ሰፋች። ከዚያ ሳታየው ጠየቀችው። “አደራ ብሎ ነበር?”

“ማን? ታምሬ? ማንን?”

“እኔን።”

ዘመኑ መሬቱን አየ። “እህቴ፣ ውሃው እንደ ሎሪ ነበር የሚጮኸው። የሰማሁት አንድ ነገር ነው። ‘አየነው፣ ያዝ! ያዝ!’ ይል ነበር።”

እማማ አሰፋች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ማሬ ውስጧን ፈለገች፤ የሆነ ነገር ሊነሳ ይገባው ነበር። ምንም አልተነሳም። ሰሊጡ ነጭ ነበር፤ ሎሪው ሞተሩን አስነሳ፤ ወዛደሮቹ ይጯጯሃሉ። እስኪመሽ ሰፋች። ዘመኑን እማማ አሰፋች ወደ ግቢያቸው ወሰዱት።

በማግስቱ ዓርብ ነበር፤ አየነው ለምሳ ቤት መጣ። ማሬ ፉል በዘይት ሠርታ፣ ዳቦውን ትሪው ላይ ደርድራ አቀረበችለት። እሷ ሳትበላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ይኼን አድርጋ አታውቅም፣ አብራው ካልበላች ሥራ ላይ ነበር የምትሆነው።

“ታምሬ መጨረሻ ላይ ምን ነበር ያለው?”

“ምን ነካሽ? ታውቂው የለ?” አለ እየጎረሰ።

“እስቲ ንገረኝ።”

“ማሬን አደራ አለ።”

“ዘመኑ በሕይወት አለ” አለችው። “እማማ አሰፋች ቤት ነው ያለው።”

አየነው የጎረሰውን አላኘከም፣ አልዋጠም። ቆይቶ በመዳፉ ላይ ተፋው።

“ሞቷል ብዬ ነበር” አለ።

ማሬ መዳፉን የሚጠርግበት ጨርቅ አቀበለችው።

“ጥይት ነበር፣ ማሬ። ጆሮዬ ስር ነው ያለፈው። ገመዱ የላጠው እጄ ነው የለቀቀው፣ እኔ አይደለሁም። ስሮጥ እንኳ የያዝኩት ይመስለኝ ነበር።”

“አደራውስ?”

ውጭ ረክሻዋ እያለፈች ስሙን ትጠራለች።

“እግርሽ ስር ስቀመጥ የምናገረው አጣሁ” አለ። “ዝም ብለሽ ታይኝ ነበር። ባዶ እጄን መሆን አቃተኝ። የሆነ ነገር ይዤልሽ መምጣት ነበረብኝ።” ማልቀስ ጀመረ። “ሰዉ ደግሞ ጀግና አለኝ። እኔ ነኝ አላልኩም ነበር መጀመሪያ። እነሱ ናቸው ያሉት፤ እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ።”

ሰውዬው ሲያለቅስ ማሬ ታየው ነበር። እንባው ፂሙ ላይ ሲንጠባጠብ አየች፤ የሩቅ ጎረቤት ሲያለቅስ እንደሚታየው።

“እሑድ ይለፍ” አላት፣ እጇን ይዞ። “የምርጫው ስብሰባ ይለፍ ብቻ። ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊኝ። ውጣ ካልሽኝ እወጣለሁ።”

እጇን አላስለቀቀችውም። እሺም እምቢም አላለችውም። “ፉሉ ቀዘቀዘ” አለችና ትሪውን አንስታ ሄደች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ሜዳ ትልቅ ድንኳን ተተከለ። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ነባሩም አዲስ መጤውም ነበር። አቶ መንግስቱ ተናገረ፤ ሰዉ በደንቡ አጨበጨበለት። አየነው ሲነሳ ግን ድንኳኑ ተናጋ። አየነው ትንሽ ተናገረ፤ ዓይኖቹ ሰው ውስጥ የሆነ ነገር ይፈልጋሉ፤ ስለ ወንዙ አላነሳም። ሶፎኒያስ አልወደደለትም። ስልኩን ለሌላ ልጅ ሰጥቶ፣ በቀጥታ እንዲተላለፍ አስይዞ፣ ወደ ማሬ መጣ።

“እትዬ ማሬ፣ ሁለት ቃል ብቻ። አደራውን ብቻ ይንገሩን። ወላሂ ሰዉ ሁሉ ነው የሚያለቅሰው።”

አየነው ከመድረኩ ላይ “ተዋት፣ ተዋት” አለ። ሰዉ ትሕትና መሰለውና እንደገና አጨበጨበ። ሴቶች እልል አሉ። ማሬ የምትለውን አልወሰነችም ነበር። ተነሽ ስትባል ተነሳች፤ ሶፎኒያስ ማጉያውን እጇ ላይ አኖረላት። ከኋላ በኩል፣ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ፣ እማማ አሰፋችና ከዘራውን የያዘው ሰው ተቀምጠው አየች። ያንን ስላየች አልነበረም የተናገረችው፤ በኋላ ግን ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ አውርቷል። የተናገረችው ስለ ጠየቋት ነው።

“እኔ ማሬ ነኝ” አለች፣ “የታምሬ እህት። ወንድሜ አደራ አላለም።”

“ትንሽ ወደ አፍዎ ያስጠጉት” አላት ሶፎኒያስ በሹክሹክታ፤ ማጉያው የተበላሸባት መስሎት።

አስጠጋችው። “ወንድሜ አደራ አላለም። ያዝ ነው ያለው። አየነው ለቀቀው።”

ማጉያውን ለሶፎኒያስ መለሰችለት፤ የተዋሰችውን ዕቃ ለጎረቤት እንደምትመልስ፣ በሁለት እጇ። ሄዳም ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

ድንኳኑ ውስጥ መጀመሪያ ሳቅ ነበር የተሰማው፤ አንዲት ሴት ያልገባት ሳቀች። ከዚያ ጉምጉምታ። “ምን አለች?” “ማን ለቀቀ?” ከመንግስቱ ወገን አንዱ “ውረድ! ውረድ!” ብሎ ጮኸ። የአየነው ወጣቶች ሊደበድቡት ተነሱ። በዚያ ሁሉ ትርምስ ዘመኑ ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። ሰዉም የአየነውን ዓይን ተከትሎ ዞረና ዘመኑን አየው።

አየነው መካድ ይችል ነበር። ማን ያውቃል፣ አብዛኛው ሰው እሱን ያምን ነበር። እሱ ግን ያንን እግር ያይ ነበር።

“እግርህ ተረፈልህ ወይ?” አለ፤ ማጉያው አጠገቡ ነበርና ድምፁ ሜዳውን ሞላው።

“አንዱ” አለ ዘመኑ።

አየነው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በዚያ አበቃ። ሶፎኒያስ ልጁ እጅ ላይ ያለውን ስልክ ሊነጥቅ ሮጠ፤ ግን ያየው አይቷል።

በማግስቱ መዳፉ ከየግድግዳው ተቀዶ ነበር። ያልተቀደደው ላይ ወጣቶች በከሰል “ለቀቀ” ብለው ጽፈውበታል። ቪዲዮውን ቆራርጠው፣ ዘፈን አስገብተው፣ መሳቂያ አደረጉት። አቶ መንግስቱ ያለ ተፎካካሪ ሊቀመንበር ሆነ። ሶፎኒያስ በሳምንቱ ቤቷ መጣ፤ ዓይኑ አብጧል።

“ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?” አላት። “በዝምታ እናወርደው ነበር እኮ። ሰውዬውን ቀበሩት። እኔንም፣ ያን ሁሉ ልጅም።”

“ተናገሪ አልከኝ” አለችው።

ሶፎኒያስ ዓይኑን ጠርጎ ወጣ።

ገበያው ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ ሊያጽናናት ይመጣል፤ ልቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት ቁጭ ብሎ ከንፈሩን መጦ ይሄዳል። አንዳንዱ “ባሏን አደባባይ አውጥታ የገፈፈች” ይላል፤ አንዷ ጆንያ ሰፊ ዕቃዋን ነጥላ ከማሬ ርቃ መቀመጥ ጀመረች። ሄለን ትምህርት ቤት መሄድ እምቢ አለች። “ሌሽ ያ እማ? ለምን?” እያለች አለቀሰች፤ “ቤት ብትነግሪው አይበቃም ነበር?” ማሬ ልጇን አስቀምጣ ፀጉሯን ሠራችላት። ሄለን እያለቀሰች ተሠራች። ለብዙ ጊዜ ከሁለቱም ጋር አታወራም ነበር።

ሰዉም የአየነውን ውድቀት ቶሎ አልለመደውም። ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል፤ ልጁ የታሰረበት አባት፣ ሬሳ ሆስፒታል የቀረበት ዘመድ። አየነው ሲወጣ ያዩትና አፍረው “ቤት ተሳስተን ነው” ብለው ይመለሳሉ። አየነው በሩን ዘግቶ ይገባል። አንድ ሁለቴ ሳይጠሩት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ልጆቹን አስፈታ፤ ልጆቹ ግን ረክሻው ላይ አንወጣም አሉት። ከዚያ ረክሻውን ሸጠና ባሱንዳ አንድ ሱዳናዊ እርሻ ላይ ጥበቃ ተቀጥሮ ሄደ። ሲሄድ ማሬ ልብሱን አጥባ፣ አጣጥፋ ሰጠችው። “ውጣ” አላለችውም። “ቆይ”ም አላለችውም።

አዝመራው እንዳለቀ ማሬ አውቶቡስ ተሳፍራ ሀዋታ ወረደች። ለምን እንደምትሄድ እማማ አሰፋች ቢጠይቋት “እንዲሁ” አለች። ዘመኑና ሚስቱ ዳሊያ ከበር ተቀበሏት። ዳሊያ አማርኛ አትችልም፤ እጇን ይዛ አልጋ ላይ አስቀመጠቻት፣ ውሃ ሰጠቻት፣ ወደ ማብሰያዋ ሄደች።

“እስቲ ሁሉንም ንገረኝ” አለችው ማሬ ዘመኑን። “ከመጀመሪያው።”

ነገራት። የእርሻውን ወጥ ሠሪ ከነሕፃኗ እንዴት እንዳሻገራት፤ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ውሃ መሃል ደንግጦ አንገቱን እንዴት እንዳነቀው።

“ሲሳደብ ነበር እኮ” አለ ዘመኑ።

“ማን?”

“ታምሬ ነዋ! ሁላችንንም። ‘አንተ ድንጋይ፣ እግርህን አንቀሳቅስ! እናትህ ውሃ አሳይታህ አታውቅም?’ ሽማግሌውንማ፣ ይቅር ይበለን፣ በአባቱ ነው የሰደበው። እያለቀስኩ ነበር፣ አሳቀኝ።”

ማሬ ቀና አለች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አየነው የነገራት ታምሬ የሰከነ፣ እንደ መነኩሴ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ዞሮ አደራ የሚል ሰው ነበር። ያንን ሰው ለማልቀስ ሞክራ አልሆነላትም፤ አታውቀውማ።

“በአባቱ ሰደበው?”

“በአባቱ!”

“ሌላስ ምን አለ?”

ዳሊያ አሲዳውን፣ የማሽላ ገንፎውን፣ በወጡ አቅርባ ስትመጣ ማሬ ገና እየጠየቀች ነበር። ስትበላ ጣዕሙን አወቀችው፤ ጨው በዝቶበታል። ጨርሳ ደገመች። ዳሊያ ባሏን በዓይኗ ጠየቀችው፤ እሱ ዝም በያት ብሎ ምልክት ሰጣት፤ ማሬ እየበላች እንባዋ ወጡ ላይ ይወርድ ነበርና። ብዙ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ዳሊያ ወንዙ ቅርብ ነው፣ ልውሰዳት ብላ አስጠየቀቻት። ማሬ “ይቅር” አለች፤ በመጣችበት አውቶቡስ ተመለሰች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከካርቱም የተፈናቀለው ሰው ገዳሪፍን ሞላው፤ ትምህርት ቤቶቹ መኝታ ሆኑ። ሎሪው ቀነሰ፣ ሰሊጡ ቀነሰ፣ የአየነውን ምርጫ የሚያነሳ ሰውም ጠፋ። ሶፎኒያስ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ ተባለ። ረክሻዋ አሁን የምታስተዋውቀው ሳሙና ነው።

በዚያው ክረምት አንድ የእህል ሎሪ ግቢው በር ላይ ቆመና ሾፌሩ አየነውን ደግፎ አወረደው። ወባ ጥሎታል፤ ከስቷል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ማሬ ከበር ቆማ አየችው።

“የምሄድበት አጣሁ” አላት።

“ግባ” አለችው።

የራሷን አልጋ ለቀቀችለት። መድኃኒት አስመጣች፣ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን አቀዘቀዘች፣ ሾርባ አጠጣችው። ትኩሳቱ ሲበረታ “ያዝኩት፣ ያዝኩት” እያለ ይቃዣል፤ እሷ ጨርቁን ትለውጣለች። ሄለን በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች እንጂ አትገባም ነበር። በኋላ ገባች፤ ከእግሩ በኩል ተቀመጠች።

ሲሻለው አንድ ቀን “ማሬ፣ እኔ” ብሎ ጀመረ።

“ሾርባህን ጠጣ” አለችው። ጠጣ።

እማማ አሰፋች ሊጠይቁት መጥተው ሲወጡ ማሬን ከበር ላይ ያዟት። አርጅተዋል፤ ክንዷን ተደግፈው ነው የሚሄዱት። “ታረቃችሁ ወይ ልጄ?” አሏት በቀስታ።

“አልተጣላንም እኮ፣ እማማ።”

አሮጊቷ ፊቷን አይተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

አየነው ከመስቀል በኋላ ወደ ባሱንዳ ተመለሰ። እስከ ዛሬ እዚያ ነው። አዝመራ ሲደርስ ማሽላ ይልካል፤ አንዳንዴ ሄለን ሄዳ ታየዋለች። ማሬ ገበያው ውስጥ ትሰፋለች፤ ከካርቱም የተፈናቀሉ ሴቶች አጠገቧ ተቀምጠው ሥራውን እየለመዱ ነው። ስለ እሷ ምንም የሚያውቁት የለም። ባል አለሽ ወይ ብለው ይጠይቋታል።

“አለ” ትላለች። “ባሱንዳ ነው።”